ፍላሹ ገብቷል፤ እንግዳው ግን ደጅ ነው

የእድራችን ጸሐፊ ፍላሻቸውን የሚይዙት አንገታቸው ላይ ነው። በጥቁር ክር አስረው፣ ከቤት ቁልፋቸው ጋር አንድ ላይ፣ ከጋቢው ሥር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጽሑፍ የምጽፍባትና ፎቶ ኮፒ የማነሳባት ጠባብ ክፍል ሲደርሱ መጀመሪያ ዣንጥላቸውን ደፍ ላይ ያራግፋሉ። ቀጥለው ጎንበስ ይሉና ክሩን በራሳቸው ላይ አውጥተው ፍላሹን ከነቁልፉ ያቀብሉኛል።

ከዊንዶውስ ወጥቼ ሊኑክስ ወደሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በተዛወርኩ በሁለተኛው ሳምንት እንዲሁ መጡ። ፍላሹን ሰካሁት። ትንሿ ሰማያዊ መብራት ብልጭ አለችና ረጋች። ስክሪኑ ላይ ግን የተንቀሳቀሰ ነገር የለም። ጥቁር መስኮት፣ ድርግም የምትል ጭረት፣ በቃ።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገብቷል ጋሼ።»

«የታለ ታዲያ?»

«ገና አልገባም።»

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው አዩኝ። በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ ቤት የከረሙ ሰው ናቸው፤ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሲባል ይገባቸዋል። «ሰሙ ገብቷል፣ ወርቁ አልገባም እያልከኝ ነው?» አሉ። ያን ቀን ሳቅሁና አለፍኩት። ብዙ ቆይቼ ነው ነገሩን ከዚያ የተሻለ አድርጌ ለማንም አስረድቼ እንደማላውቅ የገባኝ።

ወደዚህ ሥርዓት ያመጣኝ ፍቅር አይደለም፤ ሾርትከት ቫይረስ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ደንበኛው ፍላሹን ይሰጥሃል፣ ትሰካዋለህ፣ ፎልደሮቹ በሙሉ ወደ ሾርትከትነት ተቀይረው ታገኛቸዋለህ። እውነተኞቹ ፎልደሮች አልጠፉም፤ ተደብቀው በእነሱ ስም የቆመ ማጭበርበሪያ ነው የምታየው። አንዱን ስትጫን ቫይረሱ ወደ ማሽንህ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ታሞ ይወጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ በተቋረጠባቸው ወራት ደግሞ ፋይል የሚሄደው በእግር ነበር። የመምህራን ፈተና፣ የማኅበር ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የሰርግ ፎቶ፣ ሁሉም በፍላሽ። የእኔ ማሽን የሰፈሩ ፍላሽ ሁሉ የሚጠጣባት አንዲት ምንጭ ሆነች፤ ምንጩ ሲደፈርስ ሰፈሩ አብሮ ታመመ። ሰዎች በር ላይ ቆመው «አንተ ጋ ሰክቼ ነው የተበከለብኝ» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው።

ባሕር ዳር የሚማር ዘመዴ ለበዓል ሲመጣ አሮጌዋን ላፕቶፕ አየና ሊኑክስ ጫነባት። ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻዋ 2 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ጌጣጌጡን ሁሉ አስወግዶ ዐጥንቱን ብቻ ተወላት። በዊንዶውስ እንዲሠራ የተጻፈው ቫይረስ እዚህ ሲደርስ አቅም የለውም፤ ፍላሹ ላይ ተኝቶ ይታያል፣ እሰርዘዋለሁ። «ድብቅ» ተብሎ የተፈረጀው ፎልደርም ሊኑክስ ላይ እንደማንኛውም ፎልደር በግልጽ ይታያል። ለአንድ ሰሞን ፍላሽ አጽጂ ተብዬ ስሜ በሰፈሩ ሄደ።

የዐጥንቱ ዋጋ ግን ነበረው። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ኡቡንቱን በመደበኛ መልኩ የጫነ ሰው ፍላሹን ሲሰካ ምስሉ ራሱ ብቅ ይልለታል። ከኋላ ሆኖ የሚያስተናግድለት ዩዲስክስ የሚባል አገልግሎት አለ፤ ፍላሹን ተቀብሎ «ሚዲያ» በተባለው ፎልደር ውስጥ፣ በተጠቃሚው ስም ሥር ያሳርፍለታል። የእኔ ማሽን አስተናጋጅ የላትም። እንግዳ ሲመጣ ተነስቼ በሩን የምከፍተው እኔው ነኝ። ያኔ ተበሳጭቼ ነበር። አሁን ሳስበው ነገሩን የተማርኩት አስተናጋጅ ስላልነበረኝ ነው።

ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደናግረው ፊደሎቹ አለመኖራቸው ነው። እዚያ ሃርድ ዲስኩ ሲ ነው፣ ፍላሹ ኢ ወይም ኤፍ፤ እያንዳንዱ የራሱ ግቢና የራሱ አጥር ያለው ጎረቤት ነው። ዩኒክስ በሚባለው አሮጌ ሥርዓትና በዘሮቹ ዘንድ ግን፣ ሊኑክስም አንዱ ነው፣ ግቢው አንድ ነው። ስሙም አንዲት ዘንበል ያለች ጭረት ብቻ ናት፣ ስላሽ። ያለው ነገር ሁሉ፣ ፋይሉም መሣሪያውም፣ ከዚያች ሥር ነው። አዲስ ዲስክ ሲመጣ አዲስ ግቢ አይከፈትለትም፤ ካለው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ይለቀቅለታል። ክፍሉ ባዶ ፎልደር ነው። ዲስኩ እዚያ ሲያርፍ ውስጡ ያለው ሁሉ በዚያ በር በኩል ይታያል። ድርጊቱ ማውንት ይባላል።

ማውንትን በአማርኛ ምን እንበለው እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። መጫን እንዳልል ፕሮግራም መጫን አለ፣ ይምታታል። መግጠም እንዳልል ፍላሹን መሰካት ይመስላል፤ መሰካቱ ደግሞ የሥራው ግማሽ እንኳን አይደለም። ማስተናገድ የሚለው ይሻለኛል። እንግዳና ማስተናገድ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ፍላሹን ስትሰካው እንግዳው ደጅ ደርሶ «ቤቶች!» ብሏል። ማሽኗ ሰምታዋለች፣ ስምም አውጥታለታለች። ግን ግባ አልተባለም፣ የሚያርፍበትም አልተነገረውም። ደጁ ዴቭ የሚባለው ፎልደር ነው፤ መሣሪያዎች ሁሉ በስማቸው የሚቆሙበት።

የዚህ ሁሉ ልማድ ምንጩ ሩቅ ነው። ዩኒክስን ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ከባልደረቦቻቸው ጋር አሜሪካ ቤል ላብስ በሚባለው የምርምር ተቋም ውስጥ የጀመሩት በፈረንጆች 1969 ነው። በ1971 በወጣው የመጀመሪያው መመሪያቸው ውስጥ ማውንት አለ፣ የማሰናበቻው ትዕዛዝም አለ። ሁለቱ ሰዎች በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ የራሳቸውን ማሽን ሲገልጹ፣ ተጠቃሚዎች የየራሳቸውን ዲስክ አምጥተው የሚያስተናግዱባቸው አራት ትንንሽ የዲስክ ቤቶች እንዳሉት ይናገራሉ። እያንዳንዱ ተነቃይ ዲስክ የሚይዘው 2.5 ሜጋባይት ነው። ዛሬ በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ሊሞላው ይችላል። ይህን ሳነብ ዲስኩን በብብቱ ይዞ የሚመጣ ሰው ታየኝ። ፍላሽ በአንገት ከማንጠልጠል በምን ይለያል?

አሁን ወደ ሥራው። ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፈው በፊደላችን ነው፣ ስልክ ላይ ለሰው እንደምነግረው። ኪቦርዱ ላይ የሚመታው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁሉም በትንንሹ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደመጣ እጠይቃለሁ። ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬ፤ አምስት ፊደል፣ ከዚያ ኢንተር። ማሽኗ ያሏትን ዲስኮች ከነልጆቻቸው ትዘረዝራለች። የራሷ ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ኤስዲኤ ነው፤ የእኔው 320 ጊጋ ስለሆነ 298 ይላል። ከሥሩ ኤስዲቢ ይመጣል፣ የጸሐፊያችን ፍላሽ። ኤስዲቢ ዲስኩ ራሱ ነው፤ ኤስዲቢ1 ደግሞ ዲስኩ ላይ የተሰመረው ክፍልፋይ፣ ፋይሎቹ ያሉበት። ከመስመሩ መጨረሻ ማረፊያው የሚጻፍበት ቦታ አለ። ያ ቦታ ባዶ ከሆነ እንግዳው ደጅ ላይ ነው። የዚያን ቀን «ገብቷል፣ ግን አልገባም» ያሰኘኝ ያቺ ባዶ ቦታ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ደንበኞች ስለሚጣሉኝ። 16 ጊጋ ተብሎ የተሸጠ ፍላሽ 14.9 ቢል አልተሰረቃችሁም። ሻጩ የሚቆጥረው በሺህ ነው፣ ማሽኗ በ1024። አንድ እህል በሁለት ቁና ነው የተሰፈረው። የእውነት ስርቆት ሌላ ነው። 64 ጊጋ ነኝ እያለ ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ፍላሽ ገበያ ላይ አለ። መጠኑ እስኪያልቅ በደንብ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ የምትጽፍበትን ሁሉ የተቀበለ እየመሰለ ይበላዋል። ኤፍ3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን ጥግ ድረስ ሞልቶ መልሶ ያነባል፣ ውሸቱንም ያወጣል። ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ያም ሆኖ ሰርግ ከመቀረጹ በፊት ቢደረግ ይሻላል።

ማንነቱን ካወቅሁ በኋላ ማረፊያ አዘጋጃለሁ። በልማድ ኤምኤንቲ የሚባለው ፎልደር ለዚሁ የተተወ ነው፤ እዚያ ውስጥ ኤም-ኬ-ዲር በሚለው ትዕዛዝ «ፍላሽ» የሚባል ባዶ ፎልደር አንዴ ፈጠርኩ፣ እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። ከዚያ ዋናው ዐረፍተ ነገር ይመጣል። ሱዶ ማውንት፣ ቀጥሎ /ዴቭ/ኤስዲቢ1፣ ቀጥሎ /ኤምኤንቲ/ፍላሽ። ማን ነው? የት ይረፍ? የሚጠየቀው ይኸው ነው። ሱዶ ማለት በቤቱ ባለቤት ሥልጣን መናገር ነው፤ እንግዳ የሚያስገባ ባለቤቱ ነዋ።

እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ለወራት የተሳሳትኩት እዚህ ነው። አንድ ጠዋት የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሆነ ደንበኛዬ ቢቸና ይዞት የሚሄድ የፈተና ወረቀት አጻፈኝ። ፍላሹን ሰካሁ፣ ፋይሉን /ኤምኤንቲ/ፍላሽ ውስጥ ገለበጥኩ፣ ከፍቼ አሳየሁት፣ ሁሉም አለ። ፍላሹን ይዞ መናኸሪያ ሄደ። ከሰዓት ደወለ። ፍላሹ ባዶ ነው።

ማውንት ማድረጉን ረስቼ ነበር። እንግዳው ደጅ ቆሞ፣ እኔ ምግቡን ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ በልቷል ብዬ ወጣሁ። «ፍላሽ» የሚለው ስም ነው ያሳሳተኝ። ፎልደሩ ፍላሽ ስለተባለ ፍላሽ አይደለም፤ ማንም ካላረፈበት የራሷ የማሽኗ ሃርድ ዲስክ ነው። የባሰው ቀጥሎ ነው። መምህሩ በደወለ ጊዜ የሌላ ሰው ፍላሽ በሥርዓቱ አስተናግጄ ነበርና ፋይሉን ልፈልግ ያንኑ ፎልደር ስከፍት የእሱ ፈተና የለም፣ የሰውዬው መዝሙር ብቻ። ሰርዤዋለሁ ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ። ሰውዬውን ሸኝቼ መልሼ ስከፍተው ፈተናው እዚያው ቁጭ ብሏል። ዲስክ ሲያርፍበት ፎልደሩ ቀድሞ የያዘውን አያጠፋም፤ ይሸፍነዋል። እንግዳው ሲነሳ ከሥሩ ያለው እንደ ነበረ ይታያል። ፈተናውን በማግሥቱ በሌላ መንገደኛ ላክሁለት። አሁን አንድ ነገር ከመገልበጤ በፊት ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬን ደግሜ እመታለሁ፤ ከኤስዲቢ1 ጎን ማረፊያው ተጽፎ ካላየሁ እጄን አላነሳም።

ኤስዲቢ የሚለውንም ስም አትመኑት። ስሙ የወረፋ ነው፤ ሁለት ፍላሽ ከተሰካ ቀድሞ የደረሰው ቢ፣ ቀጥሎ የመጣው ሲ ይሆናል፣ ነገ ሊገለበጥ ይችላል። የማይቀየር መታወቂያ አላቸው፤ ቢ-ኤል-ኬ-አይ-ዲ ብሎ ማየት ይቻላል። ፋይል ለማንበብ ስሙን ብትሳሳቱ ብዙ አይጎዳም። ፎርማት ለማድረግ ወይም ዲዲ በሚባለው ትዕዛዝ ለመጻፍ ስትነሱ ግን አንዲት ፊደል ፍላሹን ትታ ሃርድ ዲስኩን ታርሳለች፤ ማሽኗም ጠይቃ አታቆማችሁም።

ሌሎቹን ችግሮች በአጭሩ ልናገር። ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ፋይሎቹ የማን እንደሆኑ አይመዘግብም፤ ስለዚህ በሱዶ ሲገባ ሁሉም ነገር የባለቤቱ ይሆንና አንተ ማንበብ እንጂ መጻፍ ትከለከላለህ። ማውንት ስትል በአማራጭነት ዩአይዲ=1000 ብትጨምርለት ለአንተ ይሆናል፤ 1000 በብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች የመጀመሪያው ተጠቃሚ ቁጥር ነው። የአማርኛ የፋይል ስሞች በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ከመጡ ዩቲኤፍ8 የሚለውን አማራጭ ጨምርበት፤ ፊደላችን የዓለም ፊደላት የጋራ ሠንጠረዥ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከፈረንጆች 1999 ጀምሮ ሰንብቷል፣ ችግሩ ያልተነገረው ማሽን ጋ ነው። ሙሉ የሰርግ ቪዲዮ ቦታ እያለ አልገለበጥ ካለ ፋት32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል ነው፤ ኤክስፋት የሚባለው አሠራር ይቀበላል። ከዊንዶውስ ላፕቶፕ የወጣ ሃርድ ዲስክ አንብብ እንጂ አትጻፍ ካለህ ዊንዶውሱ በደንብ አልጠፋም፣ አሸልቧል ማለት ነው። መልሰህ ስካለትና አስነስተህ አጥፋው።

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ፣ ይህን ሁሉ ወዳስጻፈኝ።

ጸሐፊያችን የእድሩን መዋጮ በእጅ ከሚይዙት ትልቅ ደብተር በተጨማሪ በኮምፒውተር እንዲጻፍ የፈቀዱት በብዙ ልመና ነው። ያስቀመጡት ሁኔታ ደግሞ ጠጣር ነበር። ፋይሉ ከፍላሻቸው ውጪ የትም አይቀመጥም። «ማን ከፍሎ ማን እንዳልከፈለ ያንተ ማሽን ምን አገባት?» ብለዋል። እኔም ወር በገባ ቁጥር ፋይሉን ወደ ማሽኗ እገለብጣለሁ፣ እሳቸው ያነቡልኛል፣ እጽፋለሁ፣ ወደ ፍላሹ እመልሳለሁ፣ ከማሽኗ እሰርዛለሁ። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ስም፣ ወር፣ ብር።

አንድ ቀን ሥራውን ጨርሰን ሳለ ልጅ እየሮጠ መጣ። የእድርተኛ ሰው አርፏል። ጸሐፊው ብድግ አሉ። ፋይሉን ገለበጥኩ፣ ትዕዛዙ በቅጽበት ተመለሰ፣ ከማሽኗ ሰረዝኩ፣ ፍላሹን ነቅዬ ሰጠኋቸው። ክሩን እያጠለቁ ወጡ። ድንኳን ማስተከል ነበረባቸው።

በቀጣዩ ወር ስከፍተው የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑ ዜሮ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያስገባነው ሁሉ።

የሆነው እንዲህ ነው። ፍላሽ ላይ ጻፍ ሲባል ማሽኗ ወዲያው አትጽፍም። ፍላሽ ቀርፋፋ ነው፣ እሷ ደግሞ መጠበቅ አትወድም። የተሰጣትን ራሟ ላይ ትይዝና «ተፈጸመ» ትላለች፤ ወደ ፍላሹ የምታሻግረው በኋላ ነው፣ ቀስ እያለች። ምንም ካልተነካች ሊኑክስ በተለምዶ 30 ሰከንድ ያህል ያረጀውን መጻፍ ይጀምራል። እኔ ደግሞ ከ30 ሰከንድ በፊት ነቀልኩት። አዲሱን ለመቀበል አሮጌው ባዶ ተደርጓል፣ አዲሱ ገና ራም ላይ ነው፣ እንግዳው ደግሞ በመስኮት ተጎትቶ ወጥቷል።

ፍላሹን እንደገና ስሰካው ዲሜሴጅ በሚባለው የማሽኗ ማስታወሻ ላይ አንድ መስመር አገኘሁ። ይህ ዲስክ በደንብ አልተሰናበተም፣ አንዳንድ መረጃ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ይመርመር ይላል። ፋት ዲስክ ሳይሸኝ የተነቀለ እንደሆነ የሚያሳውቅ ምልክት ራሱ ላይ ይይዛል፤ አላነበብኩም እንጂ ቢነበብማ ጥፋቴን ፍላሹ ራሱ መዝግቦታል። ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ የሚባለውን መርማሪ አስኬድኩበት። ባለቤት ያጡ ቁርጥራጮችን ሰብስቦ ኤፍኤስሲኬ0000 በሚል ስም የሚጀምር፣ መጨረሻው «ሬክ» የሆነ ፋይል ሠራ። ስከፍተው የመዝገቡ ግማሽ አለ፤ ከሀ እስከ መ ያለው እድርተኛ በሰላም ተርፏል። ከዚያ በኋላ ያለው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው። መዝገቡ በስም ቅደም ተከተል የተጻፈ ነበርና ስማቸው ከሠ ወዲህ ባሉ ፊደላት የሚጀምር ሰዎች ሁሉ በአንድ ጀምበር ያልከፈሉ ሆኑ።

ለጸሐፊው መንገር ነበረብኝ። ሻይ አስመጣሁ። ራም ምን እንደሆነ፣ ለምን ወዲያው እንደማትጽፍ፣ እየተንተባተብኩ ሳስረዳ ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ይኼማ የድንኳን ጽሑፍ ነው» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሰው ሲሞት ድንኳን ውስጥ አንዱ መቶ ብር፣ አንዱ የሦስት ወር ውዝፍ ያቀብለኛል። ደብተሩን ኸዚያ ግርግር መካከል አላወጣውም። ብጣሽ ወረቀት ላይ እጭራለሁ፣ ኪሴ እከተዋለሁ። የከፈለው ሰው ግን ከፈልኩ ብሎ ሄዷል። ማታ ቤቴ ገብቼ፣ መብራት አብርቼ፣ በደብተሩ እገለብጠዋለሁ። ማታ ሳይደርስ ኪሴ የተቀደደ እንደሆነ ግን ያ ሰው አልከፈለም ማለት ነው። አንተ ኪሴን ቀደድኸው።»

እኔ ስንት ገጽ አንብቤ በደንብ ያልያዝኩትን ነገር እሳቸው ለዐርባ ዓመት ኖረውበታል። ቀጥለውም ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ። «ማታ መድረሱን በምን ታውቃለህ?»

በሽኝት ነው። የማሰናበቻው ትዕዛዝ ዩማውንት ነው፤ ስትጽፉት ዩ-ኤም-ኦ-ዩ-ኤን-ቲ። መጀመሪያ ላይ ዩ ብቻ ናት፣ ከዩ ቀጥሎ ኤን የለም፤ ስንት ጊዜ ኤን ጨምሬ ትዕዛዝ የለም ተብያለሁ። በፈረንጆች 1971 እንዲህ ተጽፎ እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም። ሱዶ ዩማውንት /ኤምኤንቲ/ፍላሽ ስትል ማሽኗ ኪሷ ውስጥ የቀረውን ብጣሽ ሁሉ አውጥታ ፍላሹ ላይ ትገለብጣለች፤ ያንን ሳትጨርስ ትዕዛዙ አይመለስም። ጽሑፉ ብዙ ከሆነ ጭረቷ ዝም ብላ ትቆማለች። ተበላሸ ብሎ መንቀል የጀማሪ ሞት ነው። ሳይሸኙ እንዲጻፍ ብቻ ከተፈለገ ኤስ-ዋይ-ኤን-ሲ የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ መብራት በሚጠፋብን ወቅት በየመሀሉ እመታዋለሁ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና መብራት ሲሄድ የሰፈሩ ፍላሽ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደተነቀለ ቁጠሩት።

አንዳንዴ ደግሞ ሽኝቱ እምቢ ይላል። ታርጌት ኢዝ ቢዚ የሚል መልስ ይመጣል፣ ሥራ ላይ ነው ማለቱ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ከዐሥሩ ጥፋቱ የራሴ ነው። ሲ-ዲ በሚለው የመግቢያ ትዕዛዝ ፍላሹ ፎልደር ውስጥ ገብቼ እዚያው ቆሜ ነው እንግዳውን ሂድ የምለው፤ ምንጣፉ ላይ ቆመህ ምንጣፍ አይጠቀለልም። ወደ ቤቴ ፎልደር ወጥቼ ስደግመው ይሄዳል። አሁንም ካልሄደ ኤል-ኤስ-ኦ-ኤፍ ብዬ ከነማረፊያው ስጠይቅ የትኛው ፕሮግራም ምን ፋይል ከፍቶ እንደተቀመጠ ይነግረኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልተዘጋ ሰነድ ነው። ከዩማውንት ጋር ሰረዝና ኤል ጨምረህ ሰነፍ ሽኝት የሚባለውን ማድረግም ይቻላል። እንግዳው ከዓይን ይሰወራል፣ ፕሮግራሙ ግን እንደያዘው ይቆያል፤ ነቅለህ ብትሰጥ ያው ኪስ መቅደድ ነው። እኔ አልጠቀምበትም።

መዝገቡን እንደገና ጻፍነው። ጸሐፊው ትልቁን ደብተር ይዘው አራት ቀን ከሰዓት በኋላ እየመጡ ከሠ ጀምሮ ያሉትን ስሞች አነበቡልኝ። አንዴም አልወቀሱኝም፤ ግን የሽፋኑን አቧራ እየጠረጉ «ይኼ አይነቀልም» ይላሉ፣ በየቀኑ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ማሽኗ ላይ ቅጂ እንዳይቀር የሚለው ሁኔታቸው ዛሬም እንደጸና ነው። ተከራክሬ ተሸንፌያለሁ። ያገኘሁት ነገር ቢኖር ሁለተኛ ፍላሽ መግዛታቸው ነው፤ እሱ የት እንደሚቀመጥ ለማንም አይናገሩም።

የአሁኑ ልማዳችን እንዲህ ነው። ወር ሲገባ ይመጣሉ፣ ዣንጥላውን ያራግፋሉ፣ ክሩን ያወጣሉ። አስተናግዳለሁ፣ እንጽፋለን። ሲያልቅ «ተሸኘ?» ይሉኛል። ትዕዛዙን እመታለሁ። ዩኒክስ ነገር ሲሳካ አይናገርም፤ ጭረቷ አዲስ መስመር ላይ ወርዳ ድርግም ትላለች፣ ሌላ ቃል የለም። ይህ ዝምታ ግን አይዋጥላቸውም።

«ምን አለች?»

«ምንም አላለችም ጋሼ፤ ዝም ካለች ጨርሳለች።»

«ዝም ያለ ሁሉ ጨርሷል?»

ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬን መትቼ ከኤስዲቢ1 ጎን ያለውን ባዶ ቦታ በጣቴ አሳያቸዋለሁ። ደጅ ወጥቷል፣ አሁን መንቀል ይቻላል። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ግን እጃቸውን አያነሱም። 30 ሰከንድ የሚለውን አንዴ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከሽኝት በኋላ መጠበቅ አያስፈልግም ብላቸውም የሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ዓይናቸውን መብራቷ ላይ ተክለው፣ ጣታቸውን እያጠፉ፣ እንደ ቅኔ ቤቱ በግእዝ ይቆጥራሉ። አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ። ከኋላቸው ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ ተማሪ እግሩን ያቀያይራል። ሠላሳ ላይ ሲደርሱ ፍላሹን በገዛ እጃቸው ነቅለው ክሩን ከነቁልፉ አንገታቸው ላይ አጥልቀው ይወጣሉ።